ሁለተኛው በር

የሽማግሌው ሴት ልጅ ቤት የሚነድፍ ኮምፒውተር ታስተምራለች።

«አባዬ፣ በር ምንድን ነው?»

«ሰው ተመላልሶ ያወጣው መንገድ አጥር ጋ ከደረሰ፣ እዚያ በር አለ።»

እንዳለው ጻፈች። ከዚያ ግቢያቸውን ከላይ የሚያሳይ ፎቶ ለኮምፒውተሩ ሰጠችው። ሁለት በር ሣለ፤ አንዱ የግቢው መግቢያ፣ ሌላው ከኩሽናው ጀርባ፣ በሽማግሌው ወንድም ግቢ በኩል ባለው የቆርቆሮ አጥር ላይ።

ሽማግሌው ሳቀ። «ኮምፒውተርሽ ተመልሶ አንደኛ ክፍል ይግባ።»

ከወንድሙ ጋር በመሬት ተካሰው ከተኳረፉ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል። ሚስቱም የዚያን ሰው ደጅ ላትረግጥ መስቀል ይዛ ምላለታለች።

ልጁ አልሳቀችም። «ተወው አባዬ፣ አጠፋዋለሁ» አለችው።

ተነስቶ ወደ ኩሽናው ጀርባ ሄደና ቆርቆሮውን በመዳፉ ገፋ አደረገው። ያለ ድምፅ ተከፈተ። ማጠፊያው በሚስቱ የስፌት መኪና ዘይት ርሷል።