አራት ጣት

ጉርርር! በርጩማ ሲጎተት ተሰማ፤ ተከትሎም መኩሪያ ከጓዳ ብቅ አለ። ስኳር ለማውረድ እንኳ ያለ በርጩማ አይሆንለትም። በልጁ በፌበን አከርካሪ ላይ ስሙ ከእሷ የሚረዝም ብርቅ ዕጢ በቅሎ፣ መድኃኒቱ የሥጋ ዘመድ ቁመት ነውና፣ ሦስት ጊዜ ከቁመቱ አራት አራት ጣት ሰጥቷል። አንድ ዙር ቀርቷታል፤ ሐኪሞቹ ግን "ካንተ ከእንግዲህ አንወስድም" ብለውታል። ሌላው ዘመድ በቁመቱ የሚኩራራው ታላቅ ወንድሙ ዘለቀ ነው፤ እንዴት ይጠየቃል?

ዘለቀ በሩ ላይ ጎንበስ ብሎ ገባና ሳቀ። "ቀበቶህ ክራባት ሆነ እኮ!"

"ሳቅ ጋሼ፤ ዝናብ ሲመጣ ቀድሞ የሚመታው አንተን ነው።"

"አጎቴ፣" አለች ፌበን ከአልጋዋ፣ "አምፖሉን ቀይርልን። አባዬ በበርጩማም አልደርስ አለ። እኔንም እግሬ እምቢ ብሎኛል።"

ዘለቀ ክንዱን ዘርግቶ ቀየረላት። ከዚያ የሕክምና ካርዷን ከራስጌዋ አነሳና፣ እንደ ልማዱ በሩ ላይ ጎንበስ ብሎ፣ ወደ ሐኪሞቹ ሄደ።