የተስተካከለ ድምፅ

«ይሄማ በራዲዮ የሰማሁት ነው» አለች የወንድሙ ሚስት። «እኔ የመጣሁት ያልነካካኸውን ልሰማ ነው።»

ድምፅ ቀጂው ማጫወቻውን አቆመ። ታላቅ ወንድሙ ከሞተ ሁለት ወሩ ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ ወንድሙ ከመስታወቱ ወዲያ ተቀምጦ ለራዲዮ መጽሐፍ ሲያነብ፣ እሱ ከመስታወቱ ወዲህ ሆኖ ቀድቶታል።

«ያልተነካው ሻካራ ነው፣ እታለም። አይጥምሽም።»

«የባሌን ሻካራነት አንተ ልትነግረኝ ነው?»

ፈገግ ብሎ እጁን ድምፅ ወደሚያመጣጥነው መሣሪያ፣ ወደ ኮምፕረሰሩ ሰደደ። ቅጂው እንዳለ ይቀመጣል፤ ወደ አየር ሲወጣ ግን በዚህች መሣሪያ ያልፋል። አንዷ ቁልፍ ልክ ታበጃለች፤ ከልኩ ያለፈውን ድምፅ መሣሪያዋ ትጫነዋለች። ሌላዋ ቁልፍ ደግሞ ሁሉንም አንድ ላይ ከፍ ታደርጋለች። ሹክሹክታውም ጩኸቱም እኩል ይሰማል።

በመጨረሻዎቹ ወራት ልኩን ዝቅ፣ ከፍታውን ጨመር ማድረግ ልማድ ሆኖበት ነበር። ማይክራፎኑ አርጅቷል ብሎ ሁለቴ አስቀይሯል። «ጠጋ በልበት እንጂ ጋሼ!» ሲለው፣ «አንተ እያለህልኝ? ሹክ ብልም አገር ይሰማኛል» ይለው ነበር።

ኮምፕረሰሩን አጠፋና የወንድሙን የመጨረሻ ዓመት የመጀመሪያ ንባብ ከፈተ። ክፍሉን ሞላው። የሦስተኛውን ወር ከፈተ፤ ከዚያ የስድስተኛውን። ድምፁ እየራቀ ሄደ። የመጨረሻውን ሲከፍት አልሠራ ያለ መስሎት ስክሪኑን አየ። የድምፁ መስመር ይንቀሳቀሳል። ወንድሙ በየሦስት ቃሉ አየር ፍለጋ ያቆማል።

«ይሄ መቼ ነው?»

«ሆስፒታል ሊገባ ሦስት ሳምንት ሲቀረው።»

የነጠላዋን ጫፍ ጨበጠች። «ቤት ውስጥ ዝም ይለኝ ነበር» አለች። «ራዲዮውን ስከፍት ደግሞ እንደ ድሮው ያነባል። ሰውዬው ደህና ነው፣ የሰለቸው እኔን ነው እል ነበር። አኩርፌው ነው የከረምኩት።»

«እኔ ነኝ፣ እታለም» አለ። «ከፍ ሳደርገው የነበርኩት እኔ ነኝ።»

ወንበሯን እስከ ድምፅ ማጉያው ጎተተች። እጁ ሳያስበው ድምፁን ከፍ ወደምታደርገው ቁልፍ ሄደ።

«ተወው።»

ጉትቻዋን አውልቃ ጭኗ ላይ አኖረችና ጉንጯን የማጉያው ጨርቅ ላይ አሳረፈች።