የጋሽ ገዝሙ ተራ

በእድራችን አዲስ ደንብ መሠረት፣ የአንድ አባል ድንጋጤ ከጆሮ ሥር በምትለጠፍ መሣሪያ ለአንድ ቀን ወደ ሌላ አባል ይዛወራል። በጦርነቱ አምቡላንስ ይነዳ የነበረው ተረፈ የተባለ አባል ያለበትን ድንጋጤ ዛሬ የሚሸከሙት ጋሽ ገዝሙ ናቸው፤ «ፈሪ» እያሉ ሲያሾፉበት የኖሩት ጎረቤቱ። ተረፈም ደወሉን ፈርቶ ደጁን ረግጦ ከማያውቀው ትምህርት ቤት ልጁን ሊያመጣ ነው።

ተረፈ ከጋሽ ገዝሙ ቤት ሊወጣ ሲል ማዕድ ቤት ውስጥ የድስት ክዳን ወደቀ። ጋሽ ገዝሙ ጠረጴዛ ሥር ገቡ፤ ሸሚዛቸው በላብ ራሰ። ተረፈ አጠገባቸው ተንበረከከ።

«ክዳን ነው፣ ጋሼ።»

«ክዳን መሆኑ ጠፍቶኝ ነው? ሰውነቴ እንቢ አለኝ እንጂ!»

«እኔም ስድስት ዓመት ያልኩት ይህንኑ ነው።»

ተረፈ ድንጋጤውን መልሶ ሊወስድ፣ ከሽማግሌው ጆሮ ሥር ወደተለጠፈችው መሣሪያ እጁን ሲዘረጋ ያዙት።

«ተው፣ እስከ ማታ የኔ ናት። ሂድ፤ ደወሉ ሲደወል ልጅህ በር ላይ ታግኝህ።»