የተሰፋው መስኮት

«እናቴ፣ ይውረዱና እኔ ወደ ኋላ ልመልስልዎት» ይላል የከባድ መኪናው ሹፌር፣ ቁልፉን ለመቀበል በመስኮቷ እጁን ዘርግቶ።

ልብስ ሰፊዋ መሪውን ሙጭጭ ትላለች። ሞታ ትገኛለች! በሃምሳ ስምንት ዓመቷ መንጃ ፈቃድ አውጥታ፣ አሮጌ ሚኒባስ ገዝታ፣ አልጋና ምድጃ አስገብታበት፣ «ጎጆዬ» ብላ ስም አውጥታለት፣ ተራራ ለተራራ ልትዞር ብቻዋን የወጣችው መሪ ለሰው ልታስረክብ ነው? ልጇ ሲሸኛት እቅጩን ነግሯታል። «እማዬ፣ አንዴ እንኳ ሌላ ሰው ከነዳልሽ እዚያው ጠብቂኝ። መጥቼ መኪናውንም አንቺንም ይዤ እመለሳለሁ።» እሷም እልህ ይዟት ተስማምታለች።

መንገዱ ግን በእልህ አይሰፋም። በአንድ በኩል ገደል፣ በሌላ በኩል ቋጥኝ ነው፤ ፊት ለፊት የተገናኙ ሁለት መኪኖችን አያሳልፍም። እርግጥ ሕጉ የሚወርደው ለሚወጣው ይልቀቅ ይላል፤ ቁልቁል የመጣው ይኼኛው ግን ሲሚንቶ የጫነ ባለ ተሳቢ ስለሆነ በዚህ ጠመዝማዛ ወደ ኋላ መሄድ አይችልም። ሰፋ ያለው ቦታ ያለው ደግሞ ከእሷ በስተኋላ፣ መቶ እርምጃ ያህል ዝቅ ብሎ ነው።

«ራሴ እመለሳለሁ» ትልና አንገቷን ታዞራለች። አስተማሪዋ ያስለመዳት እንዲህ ነው፤ በጎን መስታወት ወደ ኋላ ስትሄድ ግራና ቀኙ ይምታታባታል። ከኋላ የሚታያት ግን መንገድ ሳይሆን መጋረጃ ነው። አቤት መጋረጃ! ጥልፉ ብቻ ሁለት ሳምንት ፈጅቶባታል። መኪናው ሲንገጫገጭ እንዳይወዛወዝ ብላ አራቱንም ጠርዝ ከመስኮቱ ዙሪያ ልባስ ጋር በድርብ ክር ሰፍታዋለች። ሠላሳ ዓመት ልብስ ስትሰፋ አንድ ቀን የኪስ አፍ ሰፍታ የማታውቅ ሴት!

«ምነው እናቴ?»

«መስኮቱን ሰፍቼዋለሁ።»

«ምን አደረጉት?»

«ሰፋሁት አልኩህ እኮ!»

ሹፌሩ ሳቁን ሊውጥ ይታገላል፤ አይሆንለትም። መጀመሪያ ትናደድበታለች፤ ቆየት ብሎ ሳቁ ይጋባባታል።

«በቃ እኔው ልመልሰው» ይላል እንባውን እየጠረገ።

«ዝም በል አንተ ልጅ!»

ከመቀመጫዋ ስር ትልቁን መቀስ ታወጣለች። አልጋው ላይ ተንበርክካ ስፌቱን ልትተረትር ብትሞክር ድርብ ክሩ እንደ ባለቤቱ ግትር ይሆንባታል። ከተሳቢው ኋላ ሌላ መኪና ደርሶ ጥሩምባውን ያስጮኻል። ጥልፉን አንዴ በመዳፏ ትዳብሰዋለች፤ ያሳዝናታል። «በይ እንግዲህ» ትላለች ለራሷ። ከዚያ መሃል ለመሃል፣ ከላይ እስከ ታች ትቀደዋለች።

ሹፌሩ ከኋላ ቆሞ በእጁ ይመራታል። «ወደ እኔ፣ ወደ እኔ... ቀስ! ጎሽ!» ሞተሩ ሁለት ጊዜ ይጠፋባታል። አንድ ቦታ ላይ ጎማዋ ጠጠር ወደ ገደሉ ሲያንከባልል ነፍሷ ወጥታ ትመለሳለች። ቢሆንም አታቆምም። ሰፊው ቦታ ገብታ የእጅ ፍሬኑን ስትስብ ቀሚሷ ከጀርባዋ ጋር ተጣብቋል።

«እሰይ እናቴ!» ይላል ሹፌሩ። «ለመሆኑ ስንት ጊዜዎ ነው መንዳት ከጀመሩ?»

«አራት ወር ሆነኝ።»

ሁለት እጁን ራሱ ላይ ይጭናል። «ቀድመው ቢነግሩኝ መኪናዬን ጥዬ ነበር የምሮጠው!»

ተሳቢው እያቃሰተ ያልፋታል። ሹፌሩ በመስኮት ብቅ ብሎ እጁን እስኪደክመው ያውለበልብላታል። እሷም ሞተሩን ታስነሳና፣ ልትሄድ ስትል ዓይኗ ከፊት ለፊቷ ወዳለችው የኋላ ማሳያ መስታወት ይሄዳል። በተቀደደው ጨርቅ መሃል፣ ሁለት ቀን ሙሉ የወጣችው ዳገት ወለል ብሎ ይታያል፤ እየተጠማዘዘ፣ እየቀጠነ እስከ ሜዳው ድረስ ይወርዳል። ትናንት ያደረችበት ከተማ የክብሪት ቀፎ አክሏል።

«ውይ» ትላለች፣ መሪውን ይዛ፣ ብቻዋን እየሳቀች። «ይህን ሁሉ እኔ ነኝ የወጣሁት?»