ዱካ በዱቄት ላይ

ፋና የገብሱን ዱቄት በወንፊት እየነፋች ዝርጉ ትሪ ላይ ታወርዳለች። ስስ መሆን አለበት፤ በላባ ቢነካ እንኳ የትሪው ብረት ብቅ እንዲል። ጠርዙን ታስተካክላለች።

«የሰው እህል ለእንሽላሊት መረማመጃ!» ይላሉ እማማ ጽጌማርያም ከመደቡ ላይ። የእህቷ የብርቅዬ አማት ናቸው። የልጅ ልጃቸውን የአብስራን ጭናቸው ላይ አድርገው እስከ አገጯ በነጠላ ሸፍነዋታል።

«አይደፋም እማማ፤ ለዶሮዎቹ ነው የምሰጠው።»

«ዶሮዎቹስ እሱን ራሱን ብትሰጫቸው ነበር የሚመርቁሽ።»

ብርቅዬ በሩን ተደግፋ ቆማለች። አትስቅም።

የአብስራ ዓመት ከአራት ወሯ ነው፤ አትቆምም። ብርቅዬ ከእሷ በፊት ሁለት ቀብራለች። ስለዚህ ይህችኛዋ የሰው ዓይን እንዳያያት፣ ምች እንዳይመታት ተብሎ ከተወለደች ጀምሮ ከቤት አልወጣችም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ሁለት ጊዜ መጥታ «ፀሐይ አሙቋት» ብላለች። እማማ ሁለቱንም ጊዜ መርቀው ሸኝተዋታል።

ፋናም እንሽላሊቱን፣ ጭራሮን፣ ያሳደገችው እንደዚያው ነው። ከተከዜ ቆላ በመጣ የማሽላ ጆንያ ውስጥ ካገኘቻት፣ ባቄላ ከምታህል እንቁላል ነው የተፈለፈለው። ድመት እንዳይበላው፣ ሰው አይቶ እንዳይጸየፈው ብላ በካርቶን ጓዳ ውስጥ ደበቀችው። በሦስተኛው ወር የፊት እግሮቹ እንደ ቅንፍ ጎበጡ። ጣቶቹ ዝም ብለው ይርገበገባሉ። ሲሄድ ሆዱ መሬት ላይ ይጎተታል።

የእንስሳት ጤና ባለሙያው ጋሻዬ መጀመሪያ ሳቀባት። ከዚያ የእንሽላሊቱን አገጭ በጣቱ ጫፍ ጫን አደረገና ሳቁን ተወ። «ይለምጣል። ጨለማ ውስጥ ያደጉ ጫጩቶች እንዲህ ይሆናሉ፤ አጥንታቸው አይጠናም። የጠዋት ፀሐይ፣ የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት። ትንሽ ስለሆነ ገና አልረፈደም።»

ፋና ይህን እቤት ስትናገር እማማ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። «ይህ ሆዱን ከመሬት ካነሳ፣ እኔም ልጅቱን ፀሐይ አወጣታለሁ። ቅዱስ ላሊበላን!» አሉ።

ከማሉ ሰባት ሳምንት ሆነ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ብርቅዬ ሳትጠየቅ ዝንብ እየያዘች ለፋና ታቀብላለች፤ ፋና ዝንቡ ላይ የእንቁላል ቅርፊት እየነሰነሰች ለጭራሮ ትሰጠዋለች።

አሁን ካርቶኑን ታዘነብላለች። ጭራሮ ዱቄቱ ላይ ወርዶ ይቆማል። አይንቀሳቀስም።

«ሞተ እንዴ?» ትላለች ብርቅዬ።

«ኧረ እያሰበ ነው።»

«መሐላዬን ሰምቶ ፈርቶ ይሆናል» ይላሉ እማማ።

ጭራሮ ምላሱን አውጥቶ ዓይኑን ይልሳል። አንድ እግር። ሌላ እግር። ፋና ትንፋሿን ትይዛለች። እስከ ትሪው መሃል ይሄድና ዘፍ ብሎ ይተኛል።

«ይኸው!» እማማ በጣታቸው ያሳያሉ። «ይኸው ሆዱ! ዱቄቱን ጠረገው!»

«ያረፈበት ነው እማማ! የሄደበትን ይዩ! ትንሽ ይታገሡኝ፣ በሞቴ!»

ብርቅዬ ወደ ትሪው ቀርባ ተንበርክካለች። «ተነሥ የኔ ጌታ» ትላለች በሹክሹክታ፤ እንሽላሊቱን። «ተነሥ፣ ተነሥልኝ።»

ጭራሮ ይነሣል። የቀረውን ግማሽ ትሪ በአንድ ትንፋሽ ሮጦ ጠርዙን ይዘላል፤ ፋና በሁለት መዳፏ ትቀልበዋለች። መዳፏ ውስጥ ሲገፋት ጉልበቱ ይሰማታል። ከዚህ በፊት እንዲህ ገፍቷት አያውቅም።

ሦስቱም ትሪው ላይ ያጎነብሳሉ። ፋና በአንድ እጇ ደብተሯን ትገልጣለች። ከሰባት ሳምንት በፊት የሳለችው የጭራሮ ዱካ ላይ በሁለት ረድፍ ነጠብጣብ መካከል እንደ ገመድ የወፈረ መስመር አለ። ትሪው ላይ ሁለቱ ረድፎች አሉ፤ እያንዳንዱ ጣት ለብቻው ታትሟል። ካረፈበት በቀር መካከሉ እንደ ተነፋ ነው። ላባም አልነካው።

ብርቅዬ እልል ልትል አፏን ትከፍትና በመዳፏ ታፍነዋለች። ትከሻዋ ብቻ ይንቀጠቀጣል።

«ግን እግሩ እኮ አሁንም ጎባጣ ነው» ይላሉ እማማ።

«አዎ፣ አልተቃናም» ትላለች ፋና። «ግን ተሸከመው።»

እማማ ጽጌማርያም ዱካውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ያዩታል፤ ደግመው ያዩታል። የአብስራ ከነጠላው ሥር እጇን አውጥታ ወደ ዱቄቱ ትዘረጋለች።

«ምን አፌን አስከፈተኝ!» ይላሉ በመጨረሻ። «አንች ብርቅዬ፣ ምን ይገትርሻል? ቅቤ አምጭ እንጂ!»

ደጅ፣ የጠዋቱ ፀሐይ የድንጋዩን ግድግዳ ይዞታል። እማማ እግራቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል። ነጠላው ሲገለጥ የአብስራ ዓይኗን ጭፍን አድርጋ ሁለቴ ታስነጥሳለች፤ ከዚያ ብርሃኑን ልትጨብጥ እጇን ታወናጭፋለች። ፋና ከት ብላ ትስቃለች። «ትፍ፣ ትፍ» ይላሉ እማማ ለሚያይ ዓይን።

ቅቤውን በመዳፋቸው አቅልጠው ከጉልበቷ ወደ ታች ያሿታል። አውራ ጣታቸው ቅልጥሟ የጎበጠበት ላይ ሲደርስ ይቆማል። ወደ ላይ ይመለሳል። እንደገና ይወርዳል፤ ያው ቦታ ላይ ይቆማል።

«ብርቅዬ» ይላሉ ቀና ሳይሉ።

«አቤት እማማ።»

«ነገም በዚህ ሰዓት።»

ሌላኛውን እግር እስከ ተረከዟ አሽተው ይጨርሳሉ። ጣታቸውን በቅቤው ቅል አፍ ይጠርጋሉ፤ ቅሉን ይከድኑና ጥላው ውስጥ፣ ግድግዳው ሥር ያስቀምጡታል።