የጋሼ ዮፍታሔ ምስክርነት

ስልኩ ሲጮኽ ጋሼ ዮፍታሔ ስፒከሩን እንድትከፍትላቸው ዙልፋን በአገጫቸው አመለከቷት። ከፈተችና ጥጓን ይዛ ተቀመጠች። እዚያ መኖሯን ደዋዮቹ ባያውቁ ይሻላል፤ ግን የአዛውንቱ ዓይን ደክሟል፣ እዚህ ኦሃዮ፣ ዋይትሆል ከተማ ውስጥ ደግሞ ስልክ የሚነካላቸው ሌላ ሰው የላቸውም።

የደወለችው የኮሚቴው ሰብሳቢ ናት። ከምዕራቡ ዓለም ውጭ ያለውን የፖለቲካ አስተሳሰብ ለሚያጠኑ ጀማሪ ምሁራን ገንዘብ የሚሰጥ ኮሚቴ ነው። ዙልፋ ሁለት ጊዜ አመልክታ ወድቃለች፤ ይኼ የመጨረሻ ዕድሏ ነው። ካመለጣት፣ የወሎ ሽማግሌዎች ገዢን ፊት ለፊት እንዴት ይገሥጹ እንደነበር የጀመረችው ጥናት አበቃለት፤ እሷም እዚያው አጠገብ ጋሃና ከተማ፣ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ስታሽግ ልትኖር ነው።

"አዲስ አበባ ያስተማሯት እርስዎ ነዎት። ምን ዓይነት ተመራማሪ ናት?" አለች ሴትየዋ በእንግሊዝኛ።

ጋሼ ዮፍታሔ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ዕድሜ ልካቸውን ያስተማሩበት እንግሊዝኛ ዛሬም አልከዳቸውም።

"እንደሷ ያለ ጨዋ ልጅ አላየሁም። ሳስተምራት አንድ ቀን እንኳ ቃሌን መልሳ አታውቅም። ያልኳትን ትቀበላለች፤ የነገርኳትን እንዳለ ትጽፋለች።"

ዙልፋ ክው አለች፤ ኮሚቴው የሚፈልገው የራሱን ሐሳብ ይዞ የሚሞግት ሰው ነው።

"ከእርስዎ ሐሳብ የተለየችበት ጊዜ የለም?" ሴትየዋ ድምጿን አለሰለሰች፤ ልታድናት የፈለገች ይመስላል።

"በፍጹም!" አሉ ኮራ ብለው። "እንኳን ልትከራከረኝ፣ ቀና ብላም አይታኝ አታውቅ።"

ዙልፋ ብድግ ብላ እጇን ወደ ስልኩ ዘረጋች። ድምፁን ዘግታ አንዲት ነገር ብቻ ልትነግራቸው ነው፦ የዶክትሬት ጽሑፏ ከጫፍ እስከ ጫፍ የእሳቸውን መጽሐፍ የሚሞግት መሆኑን። እስከ ዛሬ ደፍራ አልነገረቻቸውም። ቃሉ ምላሷ ላይ ደርሷል።

ጋሼ ዮፍታሔ መዳፋቸውን አነሱ። ቁጭ በይ ማለታቸው ነው።

ቁጭ አለች።

ሴትየዋ አመስግና ዘጋች። የአዛውንቱ ፊት በደስታ በርቷል።

"ሰማሽ አይደል እንዴት አድርጌ እንዳመሰገንኩሽ? በቃ አፕሩቭ ያደርጉሻል፣ ልጄ!"

ዙልፋ እንባዋን ዋጥ አደረገች። አሁን ልንገራቸው ብላ አፏን ከፈተች።

"አላህ ዕድሜዎን ያርዝመው፣ ጋሼ" አለችና ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች።