በቀይ የተጻፈ ስም

«ቲቸርን ገደልሻቸው!» አለ ታሁን፣ ሥዕሉን ከቦራ እጅ ሊነጥቅ እየታገለ። «በቀይ የሚጻፈው የሞተ ሰው ስም ነው! እናትሽ አልነገረችሽም?»

«ቀይ ያምርባቸዋል ብዬ ነው፤ አንተ ቀናተኛ!» አለች ቦራ። ልታለቅስ ምንም አልቀራትም።

የሥዕል መምህርቷ ኦክሱን ወረቀቱን ተቀበለች። አንዲት ሴት ትልቅ ጃንጥላ ይዛ ትስቃለች፤ ከእግሯ ሥር የኦክሱን ስም በቀይ ደምቋል። ከሰዓት በኋላ ሐኪሞች ደረቷን ሊከፍቱ እንደቀጠሯት ለልጆቹ አልነገረቻቸውም።

«እንዲህ አምሮብኝ አያውቅም» አለች። «ደግሞስ ይኸው ቆሜ የለም እንዴ?» ቀዩን እርሳስ አንስታ ከሥዕሉ ግርጌ ስሟን ራሷ ደገመችው።

ልጆቹ «ለእኔ! ለእኔ!» እያሉ በእርሳሱ ተሻሙ። ታሁን እንኳ ስሙን በትልቁ ጻፈ። ቦራ ሥዕሏን ግድግዳው ላይ ስትለጥፍ፣ ኦክሱን ቦርሳዋን አንግታ በሩን ከኋላዋ ቀስ ብላ ዘጋች።